የወባው ቁጥርና የድሬዳዋ ተመራጭ

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል እስከ ጁላይ 2022 በድሬዳዋ በታየው የወባ ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ጥናት በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ በሕሙማን ቤት አካባቢ መገኘቷ ከበሽታው ሥርጭት ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ፣ በትንኟም ውስጥ የወባ ተውሳክ እንደተገኘ ያስረዳል። ሥራው ጠንካራ ነው። ትችት የሚያስነሳው ይህ ዕውቀት ወደ ከተማዪቱ ምክር ቤት የሚዘልቅበት መንገድ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመው የድሬዳዋ አስተዳደር የተመረጠ ምክር ቤት አለው። ተመራጩ ስለ በሽታ የሚሰማው ግን በአብዛኛው ከአስፈጻሚው ሪፖርት፣ ማለትም ሊቆጣጠረው ከተመረጠው አካል ነው። የጤና ጣቢያው መዝገብ እየተደመረ ወደ ላይ ሲወጣ ሰፈሩ ይጠፋና መቶኛው ይቀራል። መቶኛ ደግሞ በርሜል አያሳይም።

ይህች ትንኝ የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ውኃ ነው፤ በበርሜል፣ በገንዳ፣ በግንባታ ጉድጓድ። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታ በሽታ ነው በሚለው የቆየ አስተሳሰብ የሚመራ ተመራጭ በሚያዝያ ጥያቄ ለማንሳት ምክንያት አይታየውም። ድሬዳዋ ግን ቀደም ሲል ተነግሯት ነበር፤ በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ደርሶባታል። እነዚህን የምታስተላልፈው ሌላዪቱ ትንኝ ኤደስም በዚሁ ዓይነት ዕቃ ውስጥ ትራባለች። እንግዲህ የውኃ መቆራረጥ የጤና መረጃ ነው። የውኃው ሪፖርት ስለ ትኩሳት፣ የጤናው ሪፖርትም ስለ ደረቀ ቧንቧ ካልተናገረ ሁለቱን አጣምሮ የማንበቡ ኃላፊነት በተመራጩ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የከፋም አለ። ጥናቱ በተውሳኩ ላይ መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን ምርመራንም የመቋቋም ምልክቶች አግኝቷል። አንድን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልገው የተለመደው ፈጣን መመርመሪያ ያንን ፕሮቲን የማያመነጨውን ተውሳክ ሊስተው ይችላል። የሕሙማን ቁጥር ካለፈው ዓመት ቀነሰ ተብሎ ሲነገር፣ በየትኛው መመርመሪያ ተቆጥሮ እንደሆነ ካልተጠየቀ የበሽታው መቀነስና የመመርመሪያው መሳት አይለዩም።

ተመራማሪዎችም ከትችቱ አያመልጡም። ግኝት በእንግሊዝኛ ለባልንጀራ ባለሙያ ይጻፋል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ለተመራጩ የሚሆን አንድ ገጽ ማዘጋጀት በጥናት በጀት ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። በሌላ በኩል ውኃ ከመጣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ በርሜሉም ክዳን እንዳለው ለማወቅ ተመራጩ መጽሔት መጠበቅ አያሻውም፤ የመረጠችው እናት ትነግረዋለች።