መለኪያው የሚለውና መሬቱ የሚያሳየው

ከቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ የተነሳ ተዋጊ ጄት መስቀል አደባባይ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በሰልፍ ቀን ግን በራሪው የሚጠየቀው መድረሱን ሳይሆን ሰከንዱን ነው። በደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን አምስት ሰከንድ ከዘገየ፣ ሕዝቡ አንጋጦ ሲጠብቀው እሱ ገና ኦሎምፒያ ላይ ነው። አምስት ሰከንድ ከቀደመ ደግሞ ወደ ፍልውሃ አልፏል።

ሰከንዱን ለመጠበቅ በመጀመሪያ ትክክለኛውን ፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደጋው ከበራሪው ጋር የሚተሳሰበውም እዚህ ላይ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚለካው አውሮፕላኑን ከፊት የሚገጥመውን የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። በዚህ ምክንያት መለኪያው 150 ኖት ሲያሳይ፣ አውሮፕላኑ አየሩን የሚሰነጥቀው በ170 ኖት ገደማ ነው። ቀኑ ከሞቀ ልዩነቱ ይሰፋል። ክንፉ ግን የሚያውቀው መለኪያው ያነበበውን ግፊት ብቻ ነው። አውሮፕላኑን በአየር ላይ የሚያቆመው እሱ ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ማስላት ለማንም ዕጩ መኮንን አይከብድም። የሚከብደው መሬት ሲቀርብ ነው። በቲ-33 ማሠልጠኛ ጄት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳስተምር ተማሪው ሊያርፍ ሲል ምን እንደሚሰማው ከግራ እጁ አውቅ ነበር። የሁለታችን ስሮትል (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) የተያያዘ ስለሆነ፣ እሱ ወደ ኋላ ሲስበው የእኔም መዳፍ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የማኮብኮቢያው ጫፍ እየሮጠ ሲመጣበት፣ ዓይኑ «በጣም ፈጥነሃል» ይለዋል፤ እጁም ዓይኑን ይሰማል። ያኔ ስሮትሉን አጥብቄ ይዤ እከለክለዋለሁ።

«ሻምበል፣ ፈጥነናል!»

«ልክ ነህ፣ ፈጥነናል። መለኪያው ስንት ይላል?»

ይነግረኛል። ቁጥሩ መሆን ያለበት ነው።

«እንግዲያው አትንካው።»

ዓይኑን አምኖ ኃይል የቀነሰ በራሪ ክንፉ አየር ያጣበታል፤ ለመሬት በቀረበ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚመልሰው ጊዜ የለውም። ለእኔ የአገራችን የበረራ ሙያ እምብርት ይህ ነው፤ ሌላ አገር የተማረ ጎበዝም እዚህ ሲመጣ እንደ አዲስ ይማረዋል። ስስ አየር ለሞተሩም ጉልበት ይነፍገዋል፣ ለመነሳትም ረጅም መሬት ይጠይቃል። የልደታ ሜዳ ዲሲ-3ን ሲያስተናግድ ኖሮ ለጄት ስላልበቃ ነው በ1950ዎቹ ቦሌ የተሠራው።

ይህን ሙያ የተማርንበትን ዘመናዊ አየር ኃይል ያቋቋሙት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል በራሪ ሆነው መጥተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ቢሾፍቱ ላይ ኢትዮጵያውያንን በሳፊር አውሮፕላን አስተማሩ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሞቱ። እሳቸው የተከሉት ተቋም ልጆች በዚያው ሰሞን በኤፍ-5 የሶማሊያን ሚጎች ገጠሙ። ሚግ-21 በቀጥታ ሲሮጥ ይበልጥ ነበር፤ ኤፍ-5 ግን በቅርበት ሲተጣጠፍ የተሻለ ነው፣ የእኛ ሰዎችም መታጠፉን ተለማምደውት ነበር። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ሚጎችን ከጣሉት አንዱ ናቸው። እሳቸውም ተመትተው ተማረኩ፤ እስከ 1980 ዓ.ም. ሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። ስለ ጀብዱ ሲወራ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው እስር ባጭሩ ይታለፋል። እኔ ግን ከሚጎቹ ይልቅ እሱን አስበዋለሁ። ወታደራዊ በራሪ የገባው ውል ሲያርፍ የሚያበቃ አይደለም።

ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ። በታኅሣሥ 1953 በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ የራሳችን ጄቶች ከተማዋ ላይ ሲበሩ ካዛንቺስ ነበርኩ፤ ልጅ ነኝ። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እናቴ አልጋ ሥር ከተተችን። በኋላ እኔው ከላይ ሆኜ ያንኑ ጣሪያ ሳይ፣ ድምፄ ሥር ማን እንደሚሸሸግ አውቅ ነበር። ለተማሪዎቼም ይህን ከፍጥነቱ ሒሳብ እኩል አስተምሬአለሁ። ከሥርህ ያለው ሰው ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት በራሪ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ያለ ጂፒኤስ አደባባዩን እንዴት ነበር የምታገኙት?» አለኝ። በሰዓትና በምልክት ነበር። ዛሬ ከፍታው ራሱ ሌላ ነው፤ 209 ሜትር የንግድ ባንክ ሕንፃ ባለበት ከተማ እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ ማለፍ አይታሰብም። የካዛንቺስ ቆርቆሮ ጣሪያም በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሷል፣ ሰፈርተኛውም ተበትኗል፤ ለምልክት አይሆንም። ዑራኤል፣ ስታዲየሙና አፍሪካ አዳራሽ ግን በቦታቸው ናቸው። ሦስቱን ወረቀት ላይ ነጥቤ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሰከንድ እንዲያሰላው ሰጠሁት፤ በመለኪያው ሳይሆን በእውነተኛው ፍጥነት።