መዝገቡን ያጠፋው ካፒቴን

«ስታር ትሬክ»ን የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር የሚነሳ የማያልቅ ክርክር አለ፦ ከካፒቴኖቹ ማን ይበልጣል? አንዱ ከርክ ይላል፣ ሌላው ፒካርድ፤ ጨዋታው ሲጦፍ ሲስኮና ጄንዌይም ይመጣሉ። ድሬዳዋ ላይ፣ የከሰዓቱ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲሰበስብ፣ ለዚህ ዓይነት ክርክር ጊዜ ሞልቷል። እኔ ግን ጥያቄውን መቀየር እፈልጋለሁ። ማን ይበልጣል ሳይሆን፣ ካፒቴኑ ያደረገውን ነገር ለማን ይናገራል?

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ተከታታዩ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ ወዲህ መርከቡም ካፒቴኑም ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ያልተቀየረ አንድ ሕግ አለ፤ ገና ወደ ጠፈር ባልወጣ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ጣልቃ አትግቡ የሚል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ደራሲዎቹ ሕጉን የጻፉት እንዲጣስ ነው። ካልተጣሰ ታሪክ የለማ! ስለዚህ «ሕግ ጥሷል ወይስ አልጣሰም» ብሎ መፍረድ የትም አያደርስም። ሁሉም ጥሰዋል።

ከርክን እንይ። በ1982ቱ ፊልም እንደምንሰማው፣ ተማሪ ሳለ ማንም ሊያሸንፍ የማይችለውን ፈተና የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ቀይሮ አለፈ፤ ተመሰገነበትም። በ1986ቱ ፊልም ደግሞ ትእዛዝ በመጣሱ ለፍርድ ቀርቦ ከአድሚራልነት ወደ ካፒቴንነት ዝቅ ተደረገ። ቅጣቱ ግን ሰውዬው ሲመኘው የኖረው ነገር ነው፤ መርከብ ተሰጠው። ቢያንስ ከርክ ፊት ለፊት ቆሞ ጥፋቱን አምኗል፣ ይህን አልነፍገውም። ደራሲዎቹ ናቸው ቅጣቱን ሽልማት ያደረጉለት። ያሸነፈ ሰው ጥፋቱ አይቆጠርም የሚለው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል።

ትምህርቱ የት እንደሚያደርስ ያሳየን ቤንጃሚን ሲስኮ ነው። «ዲፕ ስፔስ ናይን» ውስጥ በ1998 የወጣው «ኢን ዘ ፔል ሙንላይት» የሚባለው ክፍል፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የሲስኮ ወገን ጦርነቱን እየተሸነፈ ነው። ሮሙላኖች ካልገቡበት አበቃለት። ሲስኮ ጋራክ ከሚባል የድሮ ሰላይ ጋር ሆኖ የሐሰት ማስረጃ ያስፈበርካል። የሮሙላኑ ሴናተር ውሸቱን ይደርስበታል፤ ጋራክ የሴናተሩን መርከብ በቦምብ ያጋየዋል። ማስረጃውን የፈበረከው ሰውም ይገደላል። ሮሙላኖች ወደ ጦርነቱ ገቡ፣ ሒሳቡ ተወራረደ።

የክፍሉ ጥበብ አነጋገሩ ላይ ነው። ሲስኮ ይህን ሁሉ የሚያወራው ለግል መዝገቡ ነው፤ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣ እኛን እያየ። መጨረሻ ላይ ከህሊናዬ ጋር መኖር እችላለሁ ይልና ኮምፒውተሩ የተናገረውን በሙሉ እንዲሰርዝ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት የሚያስታውሰው ለትልቅ ዓላማ እጁን ያቆሸሸ ጀግና አድርጎ ነው። እኔ የማስታውሰው ስረዛውን ነው። ያደረገው ነገር ትክክል ነው ብሎ ካመነ ለምን ይሰርዘዋል? መዝገቡ ካለ አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ የሟቾቹ ወገን «ማን ገደለብን?» ይላል። ሲስኮ ለህሊናው መልስ ሰጠ። ህሊና ደግሞ የራስ ዘመድ ነው፤ ቶሎ ይታረቃል።

ከእሱ ጋር ሌሎቹን አስተያዩ። አርቸር በ2004ቱ «ዳሜጅ» የሌላ መርከብ የሞተር ክፍል በጉልበት ነጥቆ፣ ሰዎቹን ከአገራቸው የሦስት ዓመት መንገድ ርቀት ላይ ጥሏቸው ሄደ። ነውር ነው። ግን ምክትሉ ቲፖል ፊት ለፊት ተቃውማዋለች። ጄንዌይ በ1996ቱ «ቱቪክስ» የሁለት ሰዎችን ሕይወት ለመመለስ አንድ መኖር የሚፈልግ ፍጡር አጠፋች። ሐኪሙ እጄን አላስገባም አላት፤ በራሷ እጅ፣ ሁሉም እያወቀ አደረገችው። ከሁለቱ አንዳቸውንም ንጹህ አልልም። ሆኖም በሁለቱም መርከቦች ላይ «አይሆንም» ያለ ሰው አለ፣ ያየም ሰው አለ። ሲስኮ የለየው መጨረሻ ላይ ብቻውን መሆኑ ነው።

እኛ ድሬዎች «እርስዎ» አናበዛም። አባት የሚሆነንን ሰው «አንተ» ስንል ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል። ንቀት እንዳልሆነ ግን ሲቆይ ይገባዋል። «አንተ» የምትሉትን ሰው «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ከተማችን ደግሞ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አሮጌው መስመር 1 ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ሐዲድ ነበር። ነጠላ ሐዲድ ላይ ነጂው ምንም ልበ ሙሉ ቢሆን፣ መንገዱ ክፍት ነው ሳይባል ከጣቢያ አይነሳም፤ ከፊት የሚመጣ አለና። እዚያ ላይ ማንንም ሳይጠይቁ ጀግና መሆን መጋጨት ነው።

«ይሄ ለሰላም ጊዜ ነው፣ ሞት ሲመጣ ማን ያማክራል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ ከልብ ወለድ ወጥቼ የራሳችንን ካፒቴን እጠራለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ካፒቴን ልዑል አባተ የሚያበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፤ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አላመኑትም። ማሸነፍ የማይቻልበት ፈተና በእውን መጣ ማለት ነው፤ የሚቀየር ፕሮግራም ደግሞ የለም። ነዳጁ ሲያልቅ ልዑል ድምፅ ማጉያውን አንስቶ እውነቱን ለተሳፋሪዎቹ ነገራቸው፤ በጠላፊዎቹ ላይ እንዲነሱም ጠየቃቸው። ከረዳቱ ከዮናስ መኩሪያ ጋር ሆኖ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፣ 50ው ተረፉ። በዚያች ደቂቃ እንኳ ሕይወታቸው በእጁ ላለ ሰዎች የሆነውን መናገር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ወደ ተከታታዩ ስመለስ፣ ከፒካርድ ሥራዎች የምመርጠው ተኩስ የሌለበትን ነው። በ1992ቱ «ዘ ፈርስት ዱዩቲ» ወጣቱ ዌስሊና ጓደኞቹ የተከለከለ በረራ ሞክረው አንድ ጓደኛቸው ሞቷል፤ ተማምለው ደብቀውታል። ፒካርድ እንደ ልጁ የሚያየውን ዌስሊን ክፍሉ ጠርቶ፣ አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ ይለዋል። ልጁ ተናገረ፤ አንድ ዓመት የትምህርት ጊዜው ተቃጠለ። ሽልማት የለም፣ መርከብ የለም፣ ቅጣቱ ቅጣት ነው።

ይህ ሁሉ የፊልም ወሬ ብቻ ቢሆን ባላደከምኳችሁ። ግን «ቆራጡ መሪ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን የአደባባይ መፈክር የነበረበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው፤ የዚያ ቆራጥነት ዕዳ ዛሬም በየቤቱ አለ። ሲስኮን ስናይ የሚሞቀን ስሜት የቆየ ስሜት ነው፤ ብቻውን የሚወስን፣ እጁን የሚያቆሽሽልን፣ ዝርዝሩን የማይነግረን ሰው ይናፍቀናል። ክፍሉን ድጋሚ ስታዩት ሲስኮን ለጊዜው ተዉትና ሴናተሩ ከኋላው ማንን ጥሎ እንደሞተ አስቡ። እነሱ መዝገቡ መኖሩን እንኳ አያውቁም።