«ፀረ እንግዳ አካል»፣ «ምልክት»፣ «ፀረ እርሾ»፤ ስለ ደንዳኔ ቁስለት የደም ምርመራ ቃላት ጥቂት ሂስ

በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ባለው ገጠር፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የያዘው ሰው «ደም ያስቀምጠኛል» ብሎ ሲናገር ሰሚው አስቀድሞ የሚያስበው አሜባን ነው። ግምቱ ከልምድ የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ምንም ተሕዋስያን ሳይገኝ ለወራት እየተመላለሰ ደም የሚያስቀምጥ ሌላ ሕመም አለ፤ ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ደንዳኔን የሚያቆስል ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች «የአንጀት ቁስለት» ይሉታል። አንጀት ቀጭኑንም ወፍራሙንም ስለሚያጠቃልል፣ ሕመሙ በሁለቱም ላይ ሊወጣ ከሚችለው ከክሮንስ በሽታ ሳይለይ ይቀራል። ደንዳኔ ግን በግ አርዶ ለሚበልት ሁሉ የታወቀ ቃል ነውና «የደንዳኔ ቁስለት» እንላለን።

ችግሩ የሚጠነክረው ወደ ደም ምርመራው ስንመጣ ነው። በመማሪያ መጻሕፍትና በጤና ጽሑፎች የተለመደው «ፀረ እንግዳ አካል» የተባለው አቻ ቃል ነው። ስያሜው ስለ ኩፍኝ ወይም ስለ ፈንጣጣ ሲነገር ያስኬዳል፤ ከውጭ የገባውን ይቃወማልና። (እንግዳን እግር አጥቦ በሚቀበል አገር እንግዳ ጠላት መሆኑ ለጆሮ ባይጥምም።) በደንዳኔ ቁስለት የሚገኘው ግን የበሽተኛውን የራሱን ነጭ የደም ሕዋስ ኒውትሮፊልን የሚይዝ ነው። ተርጓሚው «ራስን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል» ብሎ ሲጽፍ ራስን በእንግዳ ስም መጥራቱ ነው።

አጠር ያለው «ፀረ አካል» የባሰ ነው። ፀር በግእዝ ጠላት ነው፤ ፀረ ተባይ ተባይን፣ ፀረ ወባ ወባን ይቃወማል። በዚሁ ሕግ ፀረ አካል የአካል ጠላት ይሆናል ማለት ነው። «ለዚህ ሕመም እንኳ ተስማምቶታል» የሚል ቢኖር አንቀበለውም፤ ይህ የደም ንጥረ ነገር ከሕመሙ ጋር አብሮ መገኘቱ እንጂ ደንዳኔውን የሚያቆስለው እርሱ መሆኑ አልተረጋገጠም። ስለዚህ በበኩላችን «አንቲቦዲ» እንደ «ቫይታሚን» እንዳለ ቢገባ እንመርጣለን።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን «ምልክት» ነው። ሐኪም «ምልክቱ ምንድን ነው?» ሲል የሚጠይቀው በሽተኛው የሚሰማውን፣ ማለት ቁርጠቱንና ደሙን ነው። በደም ውስጥ የሚለካውንም «ምልክት» ካልነው በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ለወገዳ ጎረቤት በሆነው በጋይንት፣ የድጓ ምስክር ቤት በሆነችው በቤተ ልሔም፣ ምልክት ማለት ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው የዜማ ጽሕፈት ነው፤ ዜማውን የሚያወጣው ግን ዜማውን የተማረ ሰው ነው። የደሙም ነገር ከዚሁ ይቀራረባል። ፒ-አንካ የሚባለው አንቲቦዲ ከደንዳኔ ቁስለት ጋር መገናኘቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የተገለጸ ሲሆን፣ በብዙ ጥናቶች ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት፣ በሌሎች ጥናቶች ደግሞ ባነሱት ላይ ተገኝቷል። ቢገኝ ሕመሙን አያጸድቅም፤ ቢታጣም ነፃ አያወጣም። ፍርዱ ደንዳኔውን በመሣሪያ አይቶ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ከመመርመር ይመጣል። ስለዚህ «ጠቋሚ» ይሻላል እንላለን። ቃሉ ከክፉ ዘመን የቀረ መጥፎ ሽታ እንዳለበት አንስትም፤ «አመልካች» ግን ማመልከቻ ያስገባን ሰው ስለሚያስታውስ አልመረጥነውም።

በፒ-አንካ ፍች ላይ አንድ የግሥ ስሕተትም አለ። «በኑክሊየስ ዙሪያ የሚኖር» ተብሎ የሚተረጎመው «በኑክሊየስ ዙሪያ የሚታይ» መባል ይገባዋል። አንቲቦዲው የሚኖረው በበሽተኛው ደም ውስጥ ነው። በኑክሊየስ ዙሪያ የሚታየው፣ በመስተዋት ላይ በአልኮል በተዘጋጁ ሕዋሳት ላይ የደሙ ውሃ ፈስሶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው፤ ሕዋሳቱ በፎርማሊን ቢዘጋጁ የሚታየው መልክ ይለወጣል።

እጅግ የምንቃወመው «ፀረ እርሾ» የተባለውን ነው። አስካ የሚባለው አንቲቦዲ የዳቦና የቢራ እርሾን ቅንጣት የሚይዝ ሲሆን፣ ይበልጡን የሚገኘው በክሮንስ ሕሙማን ነው፤ ሐኪሞች ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት ከፒ-አንካ ጋር አጣምረው የሚያዩትም ስለዚህ ነው። አሁን ይህ ቃል የሰፈረበት ወረቀት በወገዳ ለአንዲት እናት ቢነበብላት ምን ትረዳለች? እርሾ ለእርሷ የሊጡ መነሻ ነው፤ «ደምሽ እርሾ አልተስማማውም» እንደ ማለት ይሆንባታል። እንጀራውን፣ ጠላውን፣ ዳቦውን ትተዋለች፤ ደም ያጣ ሰው ደግሞ ከምግብ ሲከለከል ይደክማል። ምርመራው ግን ስለ ምግብ የሚያዝዘው ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኪዮቶ ተመራማሪዎች ኢንተግሪን በተባለ የራስ አካል ፕሮቲን ላይ የሚያርፍ ሌላ አንቲቦዲ በአብዛኞቹ የደንዳኔ ቁስለት ሕሙማን ላይ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ዝርዝሩ እየረዘመ መሄዱ ስለማይቀር በ«ፀረ እርሾ» ፈንታ «የቢራ እርሾን የሚይዝ አንቲቦዲ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ከሥሩም «ይህ የምግብ ክልከላ አይደለም» የሚል አንድ መስመር እንዲታከል ለተርጓሚዎች እናሳስባለን።