ባሕር የዋጠውን አገር የሚያነቡ

እ.ኤ.አ. በ1931 ኮሊንዳ የተባለች የእንግሊዝ ዓሣ አስጋሪ መርከብ ከሰሜን ባሕር ወለል በመረቧ አንድ ጓል ጥቁር የረግረግ አፈር ጎትታ አወጣች። ካፒቴኑ ፒልግሪም ሎክዉድ ጓሉን በአካፋ ሲመቱት ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ፣ ቁመቱ ስንዝር የሚያህል፣ በአንድ ጎኑ ጥርስ የወጣለት የጦር ጫፍ ነበር።

ባለቤቱ በጀልባ አልመጣም፤ በእግሩ ነው የሄደበት። በበረዶው ዘመን ብዙ ውሃ በግግር በረዶ ስለተያዘ የባሕሩ ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ብሪታንያም ከአውሮፓ ጋር በየብስ ተያይዛ ነበር። አርኪዮሎጂስቷ ብራዮኒ ኮልስ በ1990ዎቹ ይህን የሰመጠ አገር ዶገርላንድ ብለው ሰየሙት።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህን አገር የሚያጠኑት ተመራማሪዎች የሙያ ብልሃት ነው። ቦታውን በዓይን አያዩትም፣ እንደ ወጉ ቆፍረውም አይደርሱበትም። አርኪዮሎጂስቱ ቪንስ ጋፍኒና ባልደረቦቻቸው ነዳጅ ፍለጋ ሲባል የተሰበሰበውን የድምፅ ሞገድ መረጃ ወስደው፣ በደለል ሥር የተቀበሩ ወንዞችን፣ ሐይቆችንና የጥንት ዳርቻዎችን በካርታ አሰፈሩ። ከወለሉ በቧንቧ በሚወጣው ጭቃ ውስጥ ደግሞ የአበባ ብናኝ አለ። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ነው፤ ግን የትኛው ዛፍ መቼ በቅሎ እንደነበር፣ ጨዋማው ውሃ መቼ እንደደረሰበት ያስረዳል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ክብር ይገባዋል!

ዛሬ እዚያው ባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ሲታሰብ፣ ለግንባታው የሚወጣው የጭቃ ናሙና ለእነዚህ ተመራማሪዎችም መድረሱ ደስ ያሰኛል።