የጌታችን ሕይወት በፊልም፤ የማይታየውን በሚታይ ስለ መግለጥ

የሲኒማ ጥበብ በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት፣ ሕማምና ትንሣኤ የፊልም ርእስ ለመሆን በቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ይህን ታሪክ በፊልም ለመግለጥ ያልሞከረ ትውልድ የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የፊልሞቹ ቍጥር እየበዛ ቢሄድም አንድ ጥያቄ አሁንም አከራካሪ እንደ ሆነ ይገኛል። ይኸውም ካሜራ የሚይዘው የሚታየውን ብቻ ነው፤ የወንጌል ዋና ነገር ግን በዓይን የማይታይ ነው፤ ታዲያ ሁለቱ እንዴት ሊገናኙ ይችላሉ? የሚለው ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ከብዙዎቹ ፊልሞች መካከል ጥቂቶቹን መርጠን፣ ይህን ጥያቄ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደ መለሱት ልንመረምር አስበናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከፊት ነው። ወንጌላውያን የጌታን መልክ አልጻፉልንም፤ የቁመቱን ልክ፣ የዓይኑን ቀለም፣ የድምፁን ቃና አንድም ስፍራ አናገኝም። ስለዚህ አንባቢ ሁሉ በልቡናው ይስለዋል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ቢሆን የተፈጥሮ መልክ እቀዳለሁ ብሎ አይነሣም። ጻድቃንን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት፣ ኃጥአንን ደግሞ በአንድ ዓይን በጎናቸው ሲስል፣ ምልክት መስጠቱ ነው እንጂ «መልካቸው እንዲህ ነበር» ማለቱ አይደለም። ሥዕሉን የሚሳለመውም ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። ፊልም ግን ይህ ዕድል የለውም። ፊልም ሕያው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ የራሱ አፍንጫ፣ የራሱ አረማመድ፣ የራሱ አነጋገር አለው፤ ምናልባትም ባለፈው ዓመት በሌላ ፊልም ሽፍታ ሆኖ ያየነው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «መንፈሳዊ ፊልም» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አስቀድመን መወሰን ይገባናል። ተአምር የበዛበትና መዘምራን ከፍ ባለ ድምፅ የሚያዜሙበት ሁሉ መንፈሳዊ ነው ብንል፣ መለኪያችን የዓይን መደነቅ ብቻ ይሆናል። ዓይን ደግሞ በጠንቋይም ሥራ ይደነቃል። እኛ ግን በሁለት ነገር እንመዝናለን። አንደኛ፣ ፊልሙ የጌታን አምላክነትና ሰውነት ሳይለያይ ለማሳየት ይጥራል ወይስ አንዱን ለማጉላት ሲል ሌላውን ይጥላል? ሁለተኛ፣ ተመልካቹ በልቡ የሚመልሰው ጥያቄ ይተውለታል ወይስ ሁሉን ነገር ራሱ ጨርሶ ያሰናብተዋል?

ፊትን ማሳየት አስቸጋሪ መሆኑን ከተረዱት አንዱ አሜሪካዊው ሴሲል ቢ. ደሚል ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሠራው «የነገሥታት ንጉሥ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ጌታን መጀመሪያ የምናየው በአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ዓይን ነው። የሲኒማው መጋረጃ እንደ ልጅቱ ዓይን ጨለማ ሆኖ ይቆይና ብርሃን ጥቂት በጥቂት እየገባ፣ በመጨረሻ የፈዋሹ ፊት ከብርሃኑ መካከል ይወጣል። በዚህች ቅጽበት ተመልካቹ ተአምሩን ከሩቅ የሚያይ ሳይሆን ተአምሩ የሚፈጸምበት ሰው ሆኗል። የሚያሳዝነው፣ ደሚል በዚህ አሳብ አልጸናም። ከዚያ በኋላ ጌታን በብርሃን ከብቦ እንደ ሐውልት ከሰው አርቆ ስላቆመው፣ አምላክነቱን እንጂ የደከመውንና የተራበውን ሰውነቱን ለማየት እንቸገራለን።

ዊሊያም ዋይለር በ1959 ዓ.ም. በሠራውና ዐሥራ አንድ የኦስካር ሽልማት ባገኘው «ቤን ሁር» ደግሞ ፊቱን ጨርሶ አላሳየም። በናዝሬት መንደር በሰንሰለት የታሰረው ቤን ሁር በጥም ሊሞት ሲል አንድ ሰው ቀርቦ ውሃ ያጠጣዋል። የሮማው ወታደር ሊከለክል እየጮኸ ይመጣል፤ ሰውየው ቀና ብሎ ያየዋል። እኛ የምናየው የሰውየውን ጀርባና የወታደሩን ፊት ብቻ ነው። ወታደሩ ሊናገር ይሞክራል፤ ቃል ያጣል፤ ዓይኑን ሰብሮ ይመለሳል። የሲኒማ ጥበብ የማይታየውን እንዴት ሊያሳይ እንደሚችል የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ እምብዛም አናገኝም፤ የጌታ ኀይል የታወቀው በሌላው ሰው ፊት ላይ ነውና። ነገር ግን ይህ ዘዴ ወሰን አለው። «ቤን ሁር» የቤን ሁር ታሪክ እንጂ የጌታ ታሪክ ስላልሆነ ፊቱን ለመሸሸግ ተችሏል። የተራራውን ስብከት፣ ከፈሪሳውያን ጋር የተደረገውን ክርክር፣ የጌቴሴማኒን ጭንቀት በጀርባ ብቻ ማሳየት ግን አይቻልም።

ሌሎች አዘጋጆች ክብሩን በግርማና በውበት ለመግለጥ ሞክረዋል። ጆርጅ ስቲቨንስ በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም ለጌታ ቦታ የስዊድኑን ተዋናይ ማክስ ፎን ሲዶውን የመረጠው፣ የአሜሪካ ተመልካች ፊቱን ስለማያውቀው ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ያቆማቸው ሰዎች ሁሉ የታወቁ ኮከቦች ሆኑ። ከመስቀሉ ሥር የመቶ አለቃው «በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ብሎ ሲመሰክር፣ ተመልካቹ የሚሰማው የመቶ አለቃውን ሳይሆን የካውቦይ ፊልም ጀግና የሆነውን የጆን ዌይንን ድምፅ ነው። የአሜሪካ ምዕራብ በረሃ ሰፊ ገደልም ውብ ቢሆን፣ ሰዎቹን አሳንሶ ታሪኩን የአገር ማሳያ አስመስሎታል። ፍራንኮ ዜፊሬሊ በ1977 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ከዚህ የተሻለ ነው፤ የአይሁድን የቤትና የምኵራብ ሥርዐት በጥንቃቄ አሳይቷልና። ሆኖም ሮበርት ፓወል ሰማያዊ ዓይኑን ሳያርገበግብ ወደ ሩቅ ሲመለከት፣ ከአውሮፓ መጥተው በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የወረቀት ሥዕሎች ያስታውሰናል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ከሉቃስ ወንጌል ተወስዶ የተሠራው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም አማርኛን ጨምሮ ከሁለት ሺሕ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል። ማንበብ ለማይችል ብዙ ሕዝብ የወንጌል የመጀመሪያ መልኩ ይህ ፊልም ነው። ለስብከት የተሠራውን በኪነ ጥበብ መለኪያ ብቻ መንቀፍ ተገቢ አይሆንም፤ ቃሉን ሳያዛባ ለማቅረብ የደከመበትን ድካም እናከብራለን። ነገር ግን የተዋናዩ ከንፈር በእንግሊዝኛ ሲንቀሳቀስ ድምፁ በአማርኛ ሲሰማ፣ ቃሉ ወደ እኛ ሲመጣ ፊቱ በሌላ አገር እንደ ቀረ ይሰማናል። ልጅ ሳለ በዓይኑ የገባው ፊት አድጎ ዐይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ይመጣበታል። ስለዚህ ፊት መምረጥ የአዘጋጁ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው ጸሎት ውስጥ መግባት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው ኢጣልያዊውን ፒየር ፓዎሎ ፓዞሊኒን ነው። ፓዞሊኒ ማርክሳዊ ነበር፤ አማኝ እንዳልነበረም ራሱ ተናግሯል። በ1964 ዓ.ም. የሠራውን «የማቴዎስ ወንጌል» ግን ለር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው። አስቀድሞ በ1963 ዓ.ም. ቅድስት አገርን ዞሮ ቢያይም፣ የዘመኑ ሥልጣኔ ጥንታዊነቷን ለውጦታል ብሎ ስላመነ በድኻዋ በደቡብ ኢጣልያ፣ በማቴራና በአካባቢዋ ሠራው። የጌታን ቦታ የያዘው ኤንሪኬ ኢራዞኪ የተባለ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እስፓኛዊ ተማሪ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። በእርጅናዋ ዘመን የምትታየው ማርያም የፓዞሊኒ የገዛ እናቱ ነች። ንግግሩ ከማቴዎስ የተወሰደ ነው፤ ከባኽ ሙዚቃ ጋርም የኮንጎ መዘምራን ያዜሙት ቅዳሴ ይሰማል።

በዚህ ፊልም ተአምር ያለ አጀብ ይፈጸማል። ለምጻሙ በቈሰለ ፊቱ ይታያል፤ ካሜራው ወደ ጌታ ዞሮ ሲመለስ ፊቱ ነጽቷል፤ መብረቅም የለ፣ ብርሃንም የለ። የተራራው ስብከት ሲነገር ሕዝቡን አናይም፤ የምናየው የሰባኪውን ፊት ብቻ ሲሆን፣ ሰማዩ ከቀን ወደ ሌሊት፣ ከጸጥታ ወደ ነፋስ ይለዋወጣል። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥሩታል። እኛ ግን ሕዝቡ የተሰወረው የሰሚው ቦታ ለእኛ እንዲሆን ነው እንላለን። በፍርዱ ጊዜ ደግሞ ካሜራው ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ በሰዎች ራስ መካከል እየተሹለከለከ ያያል፤ ጴጥሮስ ከሩቅ ሲከተል ያየውን ያህል ብቻ እናያለን። ይህም «አንተስ በዚያ ሰዓት የት ቆመህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ፓዞሊኒን ስናመሰግን ግን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባንም። የእርሱ ኢየሱስ ፈጥኖ የሚሄድ፣ በቍጣ የሚናገር፣ ባለጠጎችን የሚገሥጽ ነው፤ ከሕፃናት ጋር ሲሆን ፈገግታው ቢታይም፣ ርኅራኄው ከተግሣጹ ይልቅ አንሶ ይገኛል። ነቢዩ ከመድኃኒቱ የጎላበት ጊዜ አለ ማለታችን ነው።

ሜል ጊብሰን በ2004 ዓ.ም. ያወጣው «የክርስቶስ ሕማም» የዚህ ተቃራኒ መንገድ ነው። ተዋንያኑ በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ይናገራሉ፤ አማኙ አዘጋጅ በፍጹም ልቡ እንደ ሠራው አንጠራጠርም። ፊልሙ አይሁድን የሚያሳይበት መንገድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኛም ክርክሩ መሠረት ያለው ነው እንላለን። በተለየ የምንመለከተው ግን የግርፋቱን ነገር ነው። ማቴዎስ በአንዲት ቃል አልፎት የሄደውን ግርፋት ጊብሰን በብዙ ደቂቃ ዘርግቶ፣ ሥጋ ሲቀደድ፣ ደም ሲረጭ ያሳየናል። ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ነገር ግን የሚያስለቅሰው የማን ሕማም ነው? ማንም ሰው እንዲያ ሲገረፍ ቢያይ ያለቅሳልና፣ ሕማሙን ለዓለም ድኅነት ያደረገው ምን እንደ ሆነ ከደሙ ብዛት አይታወቅም።

ምናልባት «ቤተ ክርስቲያናችንስ በሰሙነ ሕማማት በሕማሙ ላይ አትቆይምን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ትቆያለች። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ምእመኑ ሕማሙን ሲነበብ ይሰማል፤ እየሰማም ይሰግዳል። የገዛ ጕልበቱ ይደክማል፤ ሕማሙን የሚሳተፈው በድካሙ ነው። የሲኒማ ተመልካች ግን በወንበሩ ተደላድሎ የሌላውን ሥቃይ ያያል። ልዩነቱ ይህ ነው። የጊብሰን ፊልም በእውነት የሚነካን ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ጌታ ከመስቀሉ ጋር ሲወድቅ እናቱ በሕፃንነቱ መሬት ላይ የወደቀበትን ቀን አስታውሳ ስትሮጥ። በዚያች ቅጽበት ደሙን ትተን የእናቲቱን ፊት እናያለን፤ አምላክ የሴት ልጅ ሆኖ እንደ ተወለደም ከብዙ ስብከት ይልቅ ይገባናል።

«እምነት የሌለው ሰው ስለ ክርስቶስ የሠራው ፊልም አማኝ ከሠራው እንዴት ይበልጣል?» የሚል ተቃውሞም እንጠብቃለን። የሠሪውን ነፍስ መመርመር የሐያሲ ሥራ አይደለም፤ የሐያሲ ሥራ የተሠራውን መመርመር ነው። አማኙ ብዙ ጊዜ የሚያምነውን ለማስረዳት ቸኵሎ ሁሉን ይሞላዋል፤ ፓዞሊኒ ግን የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ስላልቀረበ ቃሉን እንዳለ ተወው፤ በተወው ስፍራም ተመልካቹ መቆም ቻለ። ይህ ማለት አለማመን ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ አማኝ የሆነ አዘጋጅም ዝም ማለትን መማር አለበት ማለት ነው።

ከላይ የተመለከትናቸውን ፊልሞች አንድ ላይ ስናስተያይ የሚከተለውን እናገኛለን። መንፈስ የተሰማን ፊልሙ ጌታን ባከበረበት ወይም ባደማበት መጠን አልነበረም። ዓይኗ የተገለጠላት ልጅ፣ ቃል ያጣው ወታደር፣ የምትሮጠው እናት፣ በተራራው ሥር በሕዝቡ ቦታ የተቀመጥነው እኛ ራሳችን፤ በእነዚህ ሁሉ የታየው ጌታ በሰው ላይ ያደረገው ነገር ነው። ካሜራ መለኮትን ሊያነሣ አይችልም፤ መለኮት የነካውን ሰው ፊት ግን ሊያነሣ ይችላል። ወደ ፊት በአገራችን ይህን ታሪክ በፊልም ለመሥራት የሚነሣ ቢኖር፣ አስቀድሞ የሚጨነቀው ለክርስቶስ ቦታ የሚሆን መልከ መልካም ሰው በመፈለግ እንዳይሆን እንመክራለን። ይልቁንስ ከውሃው ዳር፣ ከለምጻሙ አጠገብ፣ ከመስቀሉ ሥር የሚቆሙትን ሰዎች በጥንቃቄ ይምረጥ። ጥንታውያን ሠዓሊዎቻችን መልክ ሳይቀዱ በዓይን አሳሳል ብቻ ጻድቁን ከኃጥኡ ለይተው አሳይተዋልና፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ትምህርት ሩቅ አገር ሳይሄድ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ያገኛል።