ፎቶው ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን «ኢትዮጵያ ፎቶግራፍድ» የተባለ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመኳንንቱ ካባና በጦረኛው ጋሻ ላይ ነው። ደግ ነው፤ ለዚያም የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ይህን ጸሐፊ የያዘው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከ1867 እስከ 1935 (እ.ኤ.አ.) የተነሡት እነዚህ ፎቶዎች እንዴት ቆዩን? የመጀመሪያዎቹ የመጡት ከናፒየር ዘመቻ ነው። ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዙ መሐንዲሶችም ነበሩት። አነሡ፣ ይዘው ሄዱ፣ አስቀመጡ። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ልዑል ዓለማየሁ እዚያው እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ፤ ያ ያዘነ የሕፃን ፊት ዛሬም በእንግሊዞች ስብስብ ውስጥ አለ።

ወስደው ባያስቀምጡት ኖሮ ብዙው አይተርፍም ነበርና በዚህ ብቻ መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን የአንድ አገር ሰው መልክ በተጓዥ ሻንጣ ተጭኖ ሲሄድና ቅጂው እዚህ ሳይቀር ሲቀር፣ ባለመልኩ የአያቱን ፊት ለማየት ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ይህንኑ መንገድ ገልብጦ ሄዶበታል። ፊሊፕ ሹትዝ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ የደከሙበት ይህ ሥራ የተጓዡን ሻንጣ ትቶ የቤተሰቡን አልበም ከፈተ። ንጉሥና ራስ ሳይሆን ጎረቤት የምናይበት መጽሐፍ ነው። እኔ እንደ ትልቅ ሥራ እቆጥረዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ መቆሙን እንደ ጉድለት የሚያነሡ አሉ፤ መጽሐፉ ግን በስሙ ወሰኑን ነግሮናልና ለአሰላና ለጎባ ሰው አልበም ደራሲዎቹን ተጠያቂ ማድረግ ፍርድ ማዛባት ነው። መጽሐፉን ዘግቼ የጠየቅሁት ይህን ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ ስለ እኛ ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላዘጋጅ ቢል ከየት ያገኛል? ፎቶ እንደ ዛሬ የበዛበት ዘመን የለም። አልበም የሚከፍትለት ቤት ግን ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ነገሩን ወደ አንድ ከተማ ላውርደው። ሁሩታ የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ስንዴና ገብስ በሚያበቅለው የአርሲ ደጋ ላይ። ጥር ሲገባ ሠርግ በሠርግ ትሆናለች። ፎቶ አንሺው አንዳንዴ የዚያው ሰው ነው፤ አንዳንዴ ከአሰላ ወይም ከአዳማ ይመጣል። አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሚሞሪ፣ አንድ ላፕቶፕ ይዟል። ቅዳሜ የአንዱን ሠርግ ያነሣል፣ ማታ ላፕቶፑ ላይ ይገለብጣል፣ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጎ እሑድ የሌላውን ሠርግ ያነሣበታል። አልበሙ ታትሞ እስኪመጣ ድረስ፣ አንድ ወርም ሁለት ወርም ይሁን፣ የዚያ ቤተሰብ ደስታ ያለው በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ተጓዥ ነው። ሚኒባስ ላይ ይወጣል፣ መናኸሪያ ይወርዳል፣ ከካሜራውም ጋር በአንድ ቦርሳ ይታጨቃል። ሌባ ቦርሳውን ሲወስድ ዋናውንና ቅጂውን ለይቶ አይተውለትም።

የፊልሙ ዘመን ልማድ ከዚህ የተሻለ ነበር ብል ናፍቆት ያናገረኝ አይምሰላችሁ፤ ሒሳቡን እንየው። ኔጋቲቩ ፎቶ ቤት ይቀራል። አንዱ ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ሳሎን ይሰቀላል። ሌላው ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ በፖስታ አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም ጦር ግንባር ላለ ልጅ ይላካል። ቆጥሩልኝ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ርቆ። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ስለ ዲጂታል ፎቶ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ያስፋፋውና ዛሬ ባለሙያው ሁሉ የሚያነበንበው «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት ሕግ ይኸው ነው። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት የተለያየ ነገር ላይ አድርገው፣ አንዱን ከቤትህ ውጪ አስቀምጥ። የእኛ ሰው ይህን ያደረገው ስለ ዲስክ ብልሽት ተጨንቆ ሳይሆን ዘመድ ስለናፈቀው ነው። ቅጂውን የሚጠብቀው ዝምድናው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለተጓዥ የሚጻፈው ምክር ሁሉ፣ የክሮግ ሕግ ሲደመርበት፣ ከአንድ ሰው አንፃር የተጻፈ ነው። አንሺው ጉዞውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ፎቶው እንዳይጠፋበት። «ከቤትህ ውጪ» ሲባል የማን ቤት እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ሁሩታ ገበያ ላይ ስንዴዋን ዘርግታ የተነሣችው እናት ግን በሦስቱም ቅጂ ውስጥ ሆና በአንዱም ቦታ የለችም። ሕጉ በትክክል ቢፈጸምና ፎቶው መቶ ዓመት ቢቆይ እንኳ ለእሷ ከጠፋ ፎቶ አይለይም። የናፒየር ጦር መሐንዲሶችም በዚህ መለኪያ ጥሩ አስቀማጮች ነበሩ።

ወደ አያያዙ ልመለስ። ይህ ክፍል በኪነ ጥበብ ገጽ ላይ አይጻፍም ትሉኝ ይሆናል፤ ሰው የሚያለቅሰው ግን እዚህ ላይ ነው። በየወረዳ ከተማው ኮምፒውተር ቤት አለ፤ ዘፈን ይጭናል፣ ፎቶ ያወጣል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። ተጓዡም የአገሬውም ሰው ሚሞሪውን ይዞ እዚያ ይገባል። ብዙ ልጆች ፎቶውን ኮፒ ከማድረግ ይልቅ ከት ያደርጉታል፤ ይፈጥናል ይላሉ። በመካከል መብራት ሲጠፋ ግማሹ ከወዲያ ግማሹ ከወዲህ ተቆርጦ ይቀራል፤ አንዳንዱም ፋይል አልከፈት ይላል። ኮፒ አድርጎ፣ ከፍቶ አይቶ፣ ከዚያ ወዲያ ሚሞሪውን እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት ማድረግ የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ቫይረሱ ደግሞ አለ። ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ዓይነት የማያውቅ የፍላሽ ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ሰው ፍላሹን ሲከፍት ፎቶው የለም፤ ይደነግጣል፤ «ፎርማት እናድርገው» ይሉታል፤ ይስማማል። ፎቶው ግን ተደብቆ ነበር እንጂ አልጠፋም። ያጠፋው ፎርማቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በማዳኛ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በካሜራ ሚሞሪ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ለዚህ ለዚህ ነው የተሠራችው፤ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመሰካት በፊት ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው። ስንቱ ባለካሜራ ምን እንደምትሠራ ያውቃል?

«አሁን ሁሉ ነገር ክላውድ ላይ ነው» የሚሉ አሉ። ክላውድ ደመና ማለት ነው፤ ለአርሲ ገበሬ ስለ ደመና አስተማማኝነት መንገር አያስፈልግም። ደመና የተባለው የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ማይስፔስ የተባለው ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ለዓመታት ያስቀመጡበትን ሙዚቃ፣ ፎቶና ቪዲዮ ዕቃ ሲያዛውር እንዳጠፋው አስታወቀ። ጉግል ያለገደብ በነፃ ሲያስቀምጥ የነበረውን ፎቶ ከሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ15 ጊጋባይት ገደበ፤ ከዚያ በላይ በክፍያ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ካርድ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ደግሞ ተጨምቆ አንሶ ነው የሚደርሰው፤ እንደ ፋይል ካልተላከ በቀር። ስልክ ላይ ያምራል፤ ለአልበም ላሳትመው ሲሉት ነው ጉዱ የሚታየው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘጋ፤ ለሳምንታትም ተዘግቶ ቆየ። በእነዚያው ቀናት በአርሲና በምዕራብ አርሲ ከተሞች ሰው ተገደለ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ስለ ፎቶ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሊያስብም አይገባውም ነበር። ቆይቶ ነው የሚመጣው። በተቃጠለ ቤት ውስጥ የሠርግ አልበም ነበረ፤ የሞተ አባት ብቸኛ ጉርድ ፎቶ ነበረ፤ ሃርድ ዲስክም ነበረ። ቤት ሲነድ ደመናው ያድናል የሚባለው ኔትወርክ በነበረ ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ቤቱም ነደደ፣ መንገዱም ተዘጋ። በሕይወት የቀረው ፎቶ ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ የገባ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህት ስልክ ውስጥ፣ ወይም ዓረብ አገር ላለች ልጅ ባለፈው ዓመት የተላከ።

ዓረብ አገር ካልኩ አይቀር፣ ከአርሲ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱት ልጆች ከቱሪስቱ ይልቅ የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ናቸው። የእናታቸውን ፎቶ በስልክ ይዘው ይሄዳሉ፤ የራሳቸውንም በኢሞ ይልካሉ። ያ ስልክ ቢሰበር፣ አሠሪ ቢቀማው፣ ልጅቷም ባትመለስ፣ የሚስጥር ቁልፉን የሚያውቅ ሰው የለም። ሣጥን ቢሆን ይሰበር ነበር። ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን በአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አላነበብኩም፤ የጉዞ ጽሑፋችን አሁንም ፏፏቴና ገዳም ላይ ነው።

ተጓዡ ፎቶ አንሺ ምን ያድርግ? የራሱን ነገር ማወቁ አይቀርም። ሚሞሪው ኪሱ፣ ሃርድ ዲስኩ ሻንጣው ውስጥ፣ ሁለቱ አንድ ቦርሳ አይደሩ። ሦስተኛውን ቅጂ በተመለከተ ግን ሐሳብ አለኝ። ባነሣበት ቦታ ይተወው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 24 ሜጋፒክስል የሆነ ካሜራ ጥሬውን ፋይል ሲያስቀምጥ አንዱ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይይዛል፤ በጄፔግ ሲሆን ግን ወደ 10 ሜጋባይት ነው። ሁሩታ ውሎ 300 ፎቶ ያነሣ ሰው ሁሉንም በጄፔግ በአንዲት 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ያስቀምጣል፣ ቦታም ይተርፈዋል። ፍላሿን ለባለሠርጉ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ላሳደረው ቤተሰብ ይስጥ። እርግጥ ነው፣ በየኮምፒውተር ቤቱ ይበተን ማለቴ አይደለም፤ የሰው ፊት የሰው ነው፤ ለተነሣው ሰው ነው የሚሰጠው። ሁለት ሦስቱን ደግሞ በወረቀት ያሳትምላቸው፤ ወረቀት ቻርጀር አይጠይቅም። ከጀርባውም ይጻፍበት። ካሜራ ለፎቶ የሚሰጠው ስም ፊደልና ቁጥር ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያ ቁጥር ማን ማንን ያውቃል? «ጥር 2016 ዓ.ም.፣ ሁሩታ፣ የእትዬ እገሊት ልጅ ሠርግ» የሚል የእስክርብቶ ጽሑፍ ከፕሮግራሙ ሁሉ ይበልጣል።

አዲስ ፎቶ ፌስትን አይዳ ሙሉነህ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከመሠረተችው ወዲህ ፎቶን ቆሞ ማየት፣ መከራከር፣ ስለ ብርሃንና ስለ አቀማመጥ መነጋገር ለምደናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሂስ ቋንቋችን ግን እስካሁን ፎቶው ስላማረበት እንጂ ስለተቀመጠበት ቦታ አይናገርም። በኤግዚቢሽን ከፎቶ ሥር ሦስት ነገር ይጻፋል፤ የአንሺው ስም፣ ቦታው፣ ዓመቱ። «አርሲ» ወይም «ሐመር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አንድ አጭር መስመር ቢጨመር ግድግዳው ላይ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ የተነሣው ሰው ቅጂ ደርሶታል፣ ወይም አልደረሰውም።