የሚነበበው ተለወጠ፤ የሚጻፈውስ?

የእንግሊዝኛ መምህር ለመሆን ዩኒቨርስቲ የገባ ወጣት ምን ማንበብ፣ ምንስ መጻፍ አለበት? ይህ ጥያቄ የሥርዓተ ትምህርት ነዳፊዎች ብቻ አይደለም። መልሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳና በየተማሪው የድርሰት ደብተር ላይ ይታያልና መምህርንም ተማሪንም ይመለከታል። በዚህ ጉዳይ ላይ በአፍሪቃ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የታወቀው ከጎረቤታችን ከኬንያ ርእሰ ከተማ ከናይሮቢ የወጣ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። የዚህ አስተያየት ዓላማም ያን ጽሑፍ መዝኖ ለመምህራን ሥልጠና የሚበጀውን ማውጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1968 (በኛ አቆጣጠር 1961 ዓ.ም. እንደ ባተ) የናይሮቢ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ስለ ክፍሉ የወደፊት አካሄድ ለፋኩልቲው ቦርድ ሐሳብ አቀረቡ። ጥቅምት 24 ቀን ሦስት የኮሌጁ ባልደረቦች መልስ ጻፉ፤ እነሱም ንጉጊ ዋ ቲዮንግኦ፣ ሄንሪ ኦዎር አኒዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ ናቸው። የመልሱ ርእስ በአማርኛ «ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል መሰረዝ» እንደ ማለት ነው። በ1972 ደግሞ «ሆምካሚንግ» በተባለው የንጉጊ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ።

ርእሱን ብቻ ያየ ሰው «እንግሊዝኛ ይጥፋ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። የጽሑፉ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሦስቱ የተቃወሙት የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ መካከለኛ ምሰሶ ሆኖ የአፍሪቃው እንደ ተቀጥላ መቆጠሩን ነው። በነሱ አስተያየት አፍሪቃዊ ተማሪ ከራሱ ሥነ ቃልና ከአህጉሩ ድርሰቶች ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍ መሄድ አለበት። እንግሊዝኛም ቢሆን ከስዋሂሊና ከፈረንሳይኛ ጎን ሊማሩት የሚገባ ቋንቋ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ የአፍሪቃን ድርሰት ማእከል ያደረገ የሥነ ጽሑፍ ክፍልና አንድ የሥነ ልሳንና የአፍሪቃ ቋንቋዎች ክፍል ተቋቋሙ። በ1973 ንጉጊ የሥነ ጽሑፉን ክፍል በኃላፊነት ያዘ። በ1974 ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለማውረድ በናይሮቢ ትምህርት ቤት ጉባኤ ተደረገ።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ብርታት ቅርጹ ነው። የባላጋራን ሐሳብ ሳያዛባ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ያ ሐሳብ የቆመበትን ያልተነገረ እምነት ፈልፍሎ ያወጣል። ከዚያም «ለምን የኛ ማእከል አይሆንም?» ወደሚለው ጥያቄ ይሸጋገራል። በመጨረሻም ተቃውሞ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ምን ይጠና ለሚለው ዝርዝር ያቀርባል። የክርክር ድርሰት አጻጻፍ ለሚማር ዕጩ መምህር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ብርታት መሠረተ ሐሳቡ ነው። ማንም ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ ቋንቋው ይፈታል። የለንደንን ጭጋግ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ጭጋጉ ጻፍ ቢባል ከመጽሐፍ የሸመደደውን ይገለብጣል። ስለ ሰፈሩ ዕድር ወይም ስለ ደቦ ጻፍ ቢባል ግን ሐሳቡ ሞልቶ የሚቸግረው ቃሉ ብቻ ይሆናል። ቃል ደግሞ መምህር ሊሰጠው የሚችል ነገር ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ በዋናነት የሚጠይቀው «ምን ይነበብ?» ብሎ ነው፤ «ዕጩ መምህሩ መጻፍን እንዴት ይማር?» የሚለው ጉዳዩ አልነበረም። ሦስቱ ብዕራቸውን ከየት እንደሳሉት ብናስብ ይህ ዝምታ ያስገርማል። ንጉጊ በካምፓላ በማከረሬ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሲያጠና ልቦለድ እየጻፈ ነበር። ታባን ሎ ሊዮንግ በዚያው በ1968 የተመረቀው በአሜሪካ ከአዮዋ ዩኒቨርስቲ የደራስያን ሥልጠና ነው። እዚያ ትምህርቱ የሚካሄደው ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ረቂቅ እያነበቡና እየተቹ ነው። እነሱ በመጻፍ ያገኙት ኃይል ለነገው መምህር በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ግን ጽሑፉ አያስረዳም።

ይህ ክፍተት በኬንያ ዋል አደር ብሎ ታይቷል። በ1985 የተጀመረው 8-4-4 የተባለው ሥርዓት በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አዋሕዶ አንድ ትምህርት አደረጋቸው። በዚሁ ሥርዓት የማጠናቀቂያ ፈተና የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ወረቀት የፈጠራ ድርሰትንና በተመረጡ መጻሕፍት ላይ የሚጻፍ ሐተታን ያጣመረ ነው። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ወደደም ጠላም የጽሕፈት መምህር ሆነ። መጽሐፉ የአፍሪቃ ቢሆንም፣ ተማሪው ስለ መጽሐፉ የሚጽፈው የተሸመደደ ሐተታ ከሆነ ማእከሉን ማዛወሩ ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ወደኛ አገር ስንመለስ ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ተማሪዎቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ አሟልቶ መጻፍ ያቃተው ተማሪ የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ አይሆንም። ስለሆነም በመምህራን ሥልጠና ውስጥ የሚሰጠው የጽሕፈት ኮርስ ሦስት ነገር ቢይዝ ይበጃል።

አንደኛ፣ ዕጩ መምህሩ በሚያውቀው ጉዳይ አንድ ድርሰት ሦስት ጊዜ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጓደኛው፣ ሁለተኛውን መምህሩ ይተቹት፤ ማርክ የሚሰጠው ለሦስተኛው ብቻ ይሁን። ራሱ ጽፎ ሰርዞ የማያውቅ ሰው የሌላውን ጽሑፍ እንዴት ያቃናል?

ሁለተኛ፣ የቅርብና የሩቅ ድርሰት ጎን ለጎን ይነበብ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» የተባለውን ልቦለድ፣ ዳኛቸው ወርቁም በ1973 የታተመውን «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ጎጆው የተቃጠለበትን ሰው ጉዳይ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ እንዴት እንደሚያጣራ ይተርካል። ከሼክስፒር አንድ የፍርድ ትዕይንት ጋር ቢነጻጸር ለክርክር ድርሰት በቂ ርእስ ይወጣዋል።

ሦስተኛ፣ እርማት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን። ሁሉም ሠልጣኞች አንድ የተማሪ ወረቀት አርመው ውጤታቸውን ያስተያዩ። «ገበያው ትልቅ ነው» ብሎ ላለፈ ተማሪ አንዱ የሆሄ ግድፈቱን በቀይ ያሰምርበታል፤ ሌላው ደግሞ «ምን ይሸጥበታል? ሰዉስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪውን እንደገና የሚያስጽፈው ሁለተኛው እርማት ነው።

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ግልጽ ነው፤ እውነትም ነው። 60 ተማሪ ላለበት ክፍል፣ ለያንዳንዱ ድርሰት 5 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር 20 ሰዓት ያስፈልገዋል። ግን በየሳምንቱ አንድ ክፍል ብቻ ቢታረም፣ ሌሎቹ ተማሪዎች እርስ በርስ ቢተራረሙ ሸክሙ ይቀላል። ይህንንም ቢሆን መምህሩ በሥልጠናው ላይ ሳይለማመደው ክፍል ገብቶ ሊያደርገው አይችልም።

የናይሮቢው ጽሑፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶም የሚነበበው ትክክለኛ ጥያቄ በድፍረት ስለጠየቀ ነው። ንጉጊ በ2025 ዓለምን እስከ ተሰናበተበት ጊዜ ድረስ ያንን ጥያቄ አልተወውም። የቀረውን ግማሽ መጠየቅ ግን የመምህራን ፋንታ ነው። ለተማሪው የራሱን ዓለም የሚያሳይ መጽሐፍ ሰጥተን ስለዚያ ዓለም የሚጽፍበትን ብዕር ከነሣነው፣ አንባቢ አደረግነው እንጂ ተናጋሪ አላደረግነውም።